መልስ፦ ከሊል ከተማ ወጥቼ የድሮውን የከሰል ማዕድን አካባቢ ልየው ወይስ ይቅርብኝ?

ኧረ እንዳይቀርብህ! በተለይ እንዳልከው አርክቴክቸር የምትማር ከሆነ። ቤልጂየም ድንበር አጠገብ ያለው ያ የሰሜን ፈረንሳይ አካባቢ ለአንድ ቀን በቂ ነገር አለው።

በባቡር ወደ ላንስ ከተማ ሂድ። ጣቢያው ራሱ የእንፋሎት ባቡር ቅርጽ አለው። ከዚያ የፓሪሱ ሉቭር ቅርንጫፍ የሆነው ሉቭር ላንስ ሙዚየም ግባ። እንደ ፈረንጆቹ በ2012 የተከፈተው በድሮ የማዕድን ጉድጓድ ግቢ ላይ ነው፤ ዲዛይኑ ሳና የተባለው የጃፓን አርክቴክቶች ቢሮ ሥራ ነው። ፎቅ የሌለው ዝቅ ያለ ሕንፃ ነው። የአሉሚኒየም ግድግዳው ሰማዩንና ሣሩን ደብዘዝ አድርጎ ያሳያል። ፎቶ ላይ ምንም አይመስልም፤ ቀርበህ ስታየው ነው የሚገባህ።

እኔን ግን ከሙዚየሙ በላይ የሚገርሙኝ እዚያው ላንስ አጠገብ ሎስ አን ጎሄል ያሉት መንትያ ጥቁር ተራሮች ናቸው። ተራራ አልኩ እንጂ፣ ከከሰሉ ጋር ከመሬት ሥር የወጣ የድንጋይ ክምር ነው። ሜዳው መሃል ተገትረዋል። ጠንከር ያለ ጫማ አድርግ፤ ጥቁሩ ድንጋይ እየተሰባበረ ያንሸራትታል። አናቱ ላይ ስትደርስ የማዕድን ሠራተኞቹ ቀያይ የጡብ ቤቶች በረድፍ፣ ከነጓሯቸው ይታዩሃል። ኩባንያዎቹ ጓሮውን የሰጡት ለጽድቅ ብቻ እንዳይመስልህ፤ ሠራተኛው መጠጥ ቤት ከሚሄድ ድንች ሲኮተኩት ያምሽ ብለው ነው።

በዚህ አካባቢ የመጨረሻው ከሰል የወጣው እንደ ፈረንጆቹ በ1990 ነው። አሁን አይኩር በሚባለው መንደር አንዱ ክምር ላይ ወይን ተክለው ይጠምቃሉ!

ማክሰኞ ግን እንዳትሄድ፣ ሙዚየሙ ዝግ ነው።