ጥያቄና መልስ፦ ደቃቅ ቅንጣት ያለው ብረት መቼ ይሰበራል?

ጥያቄ፦ 20 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ላሜራዎች አሉን። በምስክር ወረቀታቸው ላይ የካርቦንና የማንጋኒዝ መጠናቸው አንድ ነው። አንደኛው ግን በብርድ ይሰበራል። ለምን?

መልስ፦ ልዩነቱን ያመጣው ዳመጣው፣ ማለትም ትኩሱን ብረት በሚሽከረከሩ ሲሊንደሮች መካከል ጨፍልቆ ማሳሳቱ ነው። ብረት የጥቃቅን ክሪስታሎች ስብስብ ነው፤ እነዚህን ቅንጣቶች እንላቸዋለን። በተራው የትኩስ ዳመጣ የአንድ ቅንጣት ስፋት ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ማይክሮሜትር ይሆናል፤ ሙቀቱን እየተቆጣጠሩ ሲዳምጡት ከ5 እስከ 10 ይወርዳል። ለዚህም 0.03 በመቶ ገደማ ኒዮቢየም የተባለ ብረታ ብረት ይጨመራል። የመጀመሪያው ዳመጣ ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይካሄዳል፤ ከዚያ ብረቱ እስኪበርድ ይጠበቅና የመጨረሻዎቹ ዙሮች ከ900 በታች ይፈጸማሉ። ኒዮቢየሙ የተጨፈለቁት ቅንጣቶች እንደገና እንዳይታደሱ ስለሚከለክል ጠፍጣፋ እንደሆኑ ይቆያሉ። ብረቱ ሲቀዘቅዝ በድንበራቸው ላይ እጅግ ብዙ ደቃቅ የፌራይት (ብረቱ ሲቀዘቅዝ የሚይዘው ለስላሳ የክሪስታል ዓይነት) ቅንጣቶች ይፈጠራሉ።

በብርድ የሚነሳ ስንጥቅ አንዱን ቅንጣት ቀጥ ብሎ ያቋርጠዋል። ድንበር ላይ ሲደርስ ግን ቀጣዩ ክሪስታል በሌላ አቅጣጫ የተቀመጠ ስለሆነ ለመታጠፍ ጉልበት ያወጣል። ድንበር በበዛ ቁጥር ስንጥቁ ይደክማል። ካርቦን ሲጨመር ጥንካሬ ይገኛል፣ ተሰባሪነትም አብሮ ይመጣል፤ ጥንካሬንና ስብራት ቻይነትን በአንድ ጊዜ የሚያሳድገው የቅንጣት መድቀቅ ነው። ስለዚህ ከኬሚካል ሠንጠረዡ በፊት የብረቱን ስም የመጨረሻ ፊደሎች ይመልከቱ። ኤስ355ጄአር በምት ሲሰበር ቢያንስ 27 ጁል ጉልበት እንደሚውጥ የሚያረጋግጠው በ20 ዲግሪ ሙቀት ነው። ኤስ355ጄ2 ከዜሮ በታች በ20፣ ኤስ355ኤምኤል ደግሞ ከዜሮ በታች በ50 ዲግሪ ያረጋግጣል።

ጥያቄ፦ በዳመጣው አቅጣጫ የተቆረጠው የቻርፒ (በመዶሻ ምት ተሰብሮ የዋጠው ጉልበት የሚለካ) ናሙናችን 180 ጁል፣ በአግድም የተቆረጠው 90 ጁል ሰጠ። የተሰበረው ገጽ ላይም እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተለያዩ ስንጥቆች ይታያሉ። ላሜራው ብልሽት አለበት?

መልስ፦ ሁለቱ ነገሮች የተለያየ ምክንያት አላቸው። የጁሉን ልዩነት በአብዛኛው የሚያመጣው ማንጋኒዝ ሰልፋይድ፣ ማለትም ብረቱ ውስጥ የቀረ የማንጋኒዝና የድኝ ውህድ ቆሻሻ ነው። በዳመጣ ጊዜ እየተለጠጠ ረጅም ክር ይሆናል፤ የአግድም ናሙናው ስንጥቅ የሚሄደው በክሩ አቅጣጫ ስለሆነ መንገዱ ተዘጋጅቶለታል። መድኃኒቱ በማቅለጫው ዘንድ ነው፦ ድኝን ከ0.005 በመቶ በታች ማውረድና ካልሲየም ጨምሮ ቆሻሻው ክብ ሆኖ እንዲቀር ማድረግ።

ቅጠል መሰሎቹ ስንጥቆች ብዙ ጊዜ የሚመጡት የመጨረሻው ዳመጣ ከመጠን በላይ በቀዘቀዘ ብረት ላይ ሲደረግ ነው። ፌራይት መፈጠር ከጀመረ በኋላ የሚጨፈለቅ ብረት ቅንጣቶቹ ይጠፈጠፋሉ፤ በቀላሉ የሚሰነጠቁት የክሪስታል ገጾችም ከላሜራው ፊት ጋር ትይዩ ይሆናሉ። የፐርላይት (ካርቦን የበዛበት የብረቱ ክፍል) ንብርብሮችም ያግዛሉ። እነዚህ ስንጥቆች ብቻቸውን ላሜራውን አያስጥሉም። እንዲያውም በውፍረቱ በኩል ያለውን ውጥረት ስለሚያላሉ ብረቱ ተሰባሪ የሚሆንበትን ሙቀት ዝቅ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ከፍተኛውን የጁል መጠን ግን ይቀንሳሉ። አሳሳቢ የሚሆነው ላሜራው በውፍረቱ አቅጣጫ ሲሳብ ነው፤ ለምሳሌ በቲ ቅርጽ የተበየደ ወፍራም መገጣጠሚያ ወይም የማንሻ ጆሮ። ለዚህ ዜድ25 ወይም ዜድ35 ብለው ይዘዙ። ቁጥሩ በውፍረቱ አቅጣጫ የተሳበ ናሙና ከመበጠሱ በፊት መቅጠን ያለበትን አነስተኛ መቶኛ ያሳያል።

ጁሉን ብቻ አይመዝግቡ። የሚያብረቀርቅ፣ ስኳር የመሰለ ገጽ ተሰባሪ ስብራትን ያመለክታል፤ ግራጫና ጭረታማው ብረቱ ተለጥጦ እንደተበጠሰ ያሳያል። የየራሳቸውን ድርሻ በመቶኛ ይጻፉ።

ጥያቄ፦ ኤስ355ኤምኤልን ከበየድን በኋላ የተጣመመውን በጋዝ ነበልባል አሙቀን ማቃናት እንችላለን?

መልስ፦ ሙሉ ውፍረቱ ከ580 ዲግሪ እንዳያልፍ ይጠንቀቁ፤ በሙቀት መለኪያ ጠመኔ ይቆጣጠሩ። በቀን ብርሃን ቀልቶ ከታየ አልፏል ማለት ነው። በዳመጣ የተገኘው ጥንካሬ አንዴ ከጠፋ በወርክሾፕ አይመለስም።

ብየዳውም ያው ነው። ሙቀቱን ያስሉ፦ ቮልት በአምፒር በ60 ተባዝቶ፣ በደቂቃ ለሚሄደው ሚሊሜትር ተካፍሎ፣ እንደገና ለ1000። በ25 ቮልት፣ በ180 አምፒርና በደቂቃ 150 ሚሊሜትር 1.8 ኪሎጁል በሚሊሜትር ይሆናል፤ ለኤሌክትሮድ ብየዳ በ0.8 ሲባዛ 1.44። ኤሌክትሮዱን እያወዛወዙ ፍጥነቱን በደቂቃ ወደ 60 ሚሊሜትር ከቀነሱት፣ በ0.8 ተባዝቶም 3.6 ይደርሳል፤ ያኔ ከቀለጠው ጠርዝ አጠገብ ያለው ቅንጣት ያብጣል። ቀጫጭን መስመሮችን ደራርበው ይበይዱ፤ የኋለኛው መስመር የፊተኛውን ቅንጣት ያደቅቀዋል። ሙቀቱን እጅግ ማሳነስም አይበጅም፤ ጠርዙ ቶሎ ቀዝቅዞ ይጠጥራል፣ ሃይድሮጂንም ይሰነጥቀዋል። እርጥበት ሃይድሮጂን እንዳያመጣ 7018 የተባለውን ዝቅተኛ ሃይድሮጂን ኤሌክትሮድ አምራቹ በጻፈው መሠረት፣ ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 350 ዲግሪ፣ ያድርቁ። የላሜራው ምስክር ወረቀት ስለ ብየዳው ጠርዝ ምንም ስለማይናገር፣ አንድ የሙከራ ብየዳ ሠርተው የቻርፒውን ቁርጥ በትክክል እዚያው ላይ ያስቆርጡ።