ዕቃ አትልቀሙ፣ መኪና ግዙ

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ አንድ ልጅ ፒካፔ አጠገብ ቆሞ ጠበቀኝ። ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው።

«ጋሼ፣ ስንት ፈረስ ጉልበት አላት?» አለኝ።

ነገርኩት። እሱም እንደ እኔ በአሮጌ መኪና ላይ ሌላ ሞተር ገጥሞ አንዲት ሊሠራ ነው። ሞተር ገዝቷል። ካምቢዮስ? ገና ነው። ሞተሩን የሚያዘው ኮምፒውተርስ? ሻጩ አልሰጠውም። ሽቦውስ? ተቆርጧል። ልጁ ፊቱ በርቶ ነው የሚያወራው፣ እኔ ግን አንጀቴን በላኝ። የራሴን የድሮ ሞኝነት መልሶ እያወራልኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው ለእሱና ለመሰሎቹ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት በመካኒክነት ነው፤ ጥቂቱን አዲስ አበባ፣ የሚበዛውን እዚህ ቨርጂኒያ። ከዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ነገር ብቻ ስጥ ብባል ርዕሱ ላይ ያለውን ነው የምሰጣችሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ ሆት ሮድ ትንሽ፤ አሮጌ መኪና ጠንካራ ሞተር ተገጥሞላት ስትሠራ ማለት ነው። ዛሬ የሀብታም ጨዋታ ይመስላል። አጀማመሩ እንደዚያ አልነበረም። በ1930ዎቹ ደቡብ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኪሳቸው የሳሳ ልጆች አሮጌ ፎርድ ይገዙና ፓራፋንጎውን ፈትተው ይጥላሉ። ሞተሩን ያጠነክራሉ። ከዚያ እንደ ሙሮክ ባሉ የደረቁ ሐይቆች ላይ ይሽቀዳደማሉ። ፎርድ በ1932 ቪ-8 ሞተር ለተራ ሰው በሚቀመስ ዋጋ አወጣ። እሱ ሞተር ከተገጨች መኪና እየወጣ ወደ ሌላዋ መግባት ጀመረ። ነገሩ ይኸው ነው። አዲስ አበባ ያገለገለ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበትን ሶማሌ ተራን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። እኔም ሙያውን የለመድኩት ከሞተች ቮልስ አውጥቶ ላልሞተች ቮልስ በሚገጥም ጋራዥ ውስጥ ነው።

የእኔዋ የ1955 ፎርድ ኤፍ-100 ናት። ከአንድ ገበሬ በረት ውስጥ ነው የገዛኋት። ላሜራዋ ደህና ነበር። ስድስት ሲሊንደሩ ሞተር ግን ተጣብቆ አልዞርም ብሏል። «ለእኔማ ምን አላት!» አልኩ። ሞተር ከአንዱ ጃንክያርድ፣ ማለትም ከወዳደቁ መኪኖች መሸጫ፣ ካምቢዮ ከሌላው፣ የኋላ ጎማዎችን የሚያዞረውን ዲፈረንሻል ከሦስተኛው ለቀምኩ። ሁሉም ርካሽ ነበር። ስብስቡ ነው ያከሰረኝ። ሞተሩን «ብዙ አልሄደም» ብለው ነበር የሸጡልኝ፤ የዘይት ቋቱን ስከፍት የብረት ፍቅፋቂ አገኘሁ። ካምቢዮው በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ነው። የመጣው ግን ከሌላ ዓመት መኪና ስለሆነ ከኮምፒውተሩ ጋር አልተግባቡም። የፊት ጎማ ብሎኖች የድሮው የፎርድ ስፋት ናቸው፣ 5 ብሎን በ139.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ። የኋላው 5 በ114.3 ሆነ። ለአንዲት መኪና ሁለት ዓይነት ስኮርታ ልይዝ ነው ማለት ነው።

አራት ዓመት ሸራ ለብሳ ቆመች። ባለቤቴ ሸራውን «ከፈን» ነበር የምትለው።

ከዚያ አንድ ደንበኛዬ የ1999 ፎርድ ኤክስፕሎረሩን ሊጥል ሆነ። ከሥር ዝገት በልቷት ዓመታዊውን ምርመራ ወድቃለች። ሞተሯ ግን እንደ ሰዓት ነው። ኤክስፕሎረር ከ1996 እስከ 2001 ባለ 5 ሊትር ቪ-8 ይገኝ ነበር፤ ጉልበቱ 210 ፈረስ ገደማ ነው። ብዙዎቹ በአራቱም ጎማ የሚነዱ ናቸው። ይቺ በኋላ ጎማ ብቻ ነበረች፤ ለእኛ ሥራ የሚፈለገው ይኸኛው ነው። 

ሙሉዋን ገዝቼ ዕቃዋን ወደ ፒካፔ ላዛውር ወሰንኩ። ከመግዛቴ በፊት ግን ነዳኋት። ይህን ልብ በሉልኝ። የምትፈቱትን መኪና ከመፍታታችሁ በፊት በሕይወት እያለች ንዷት። ማርሽ ስትቀይር ትደነግጣለች? ስትሞቅ ውሃ ትጨርሳለች? ዲፈረንሻሉ ያለቅሳል? ጃንክያርድ መደርደሪያ ላይ ያለ ሞተር ይህን አይነግራችሁም። ሻጩም አያውቅ ይሆናል፣ ወይም አውቆ ዝም ይላል።

ሙሉ መኪና ስትገዙ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ኮምፒውተሩ፣ ሴንሰሩ፣ የነዳጅ ፔዳሉ፣ ቁልፉ ሁሉም ይተዋወቃሉ። ደግሞ ሰው የማይቆጥረው ጥቃቅኑ አለ። ጄኔሬተሩን የሚይዘው ብረት፣ የራዲያተሩ ጎማዎች፣ ልዩ ቁመት ያላቸው ብሎኖች። ሞተር በ500 ዶላር ገዝታችሁ ጥቃቅኑን አንድ በአንድ ስትለቅሙ ሌላ 500 ይሄዳል። ጊዜውን ሳልቆጥር። ከዓመታት በኋላም መለዋወጫ ሱቅ ገብታችሁ «የምን መኪና?» ስትባሉ «የ1999 ኤክስፕሎረር» ብላችሁ ትወጣላችሁ። በለቀማ የተሠራ መኪና ያለው ሰው እዚያ ቆሞ ታሪክ ማውራት ይጀምራል።

ሽቦው ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ሥራ የሚሞተው እዚያ ነው። አትቁረጡ። አንድም አትቁረጡ። እያንዳንዱን ሶኬት ከመንቀላችሁ በፊት ወረቀት ፕላስተር ለጥፉበትና የምን እንደሆነ ጻፉ፤ ፎቶም አንሡ። ከዚያ ሽቦውን ከእነ ኮምፒውተሩና ከእነ ፊውዝ ሳጥኑ በሙሉ አውጡት። ወለል ላይ ዘርጉት፣ የሽቦውን ንድፍ አጠገቡ አኑሩ። የበር መስታወትና የኋላ መጥረጊያ ሽቦ አያስፈልግም፤ እሱን በዝግታ ለዩ። እኔ ይህን ለማድረግ ሦስት ሳምንት ማታ ማታ ጋራዥ ወለል ላይ ተቀምጫለሁ። ጉልበቴ እስካሁን ያስታውሰኛል። የቁልፍ ማብሪያውንም ከእነ ቁልፉ ውሰዱ። የ1999ኟ ቁልፍ ውስጥ ቺፕ አለ፤ ኮምፒውተሩ ቁልፉን ካላወቀው ሞተሩ አይነሣም። ብሎኖቹን በላስቲክ እየከፈላችሁ ስም ጻፉባቸው። «አስታውሰዋለሁ» ያለ ሰው ሲያስታውስ አይቼ አላውቅም።

ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘው አክስል ሌላ ትምህርት ሰጠኝ። የኤክስፕሎረር ዲፈረንሻል መሃል ላይ አይደለም፤ ወደ ቀኝ ሄድ ያለ ነው። ስለዚህ ዘንጉን የያዘው የግራው ቱቦ ይረዝማል። ብዙ ሰው ረጅሙን ቱቦ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጦ፣ ከሌላ ኤክስፕሎረር አጭሩን ዘንግ አምጥቶ ሁለቱን ጎን እኩል ያደርጋል። ጥሩ ዘዴ ነው። እኔም ሁሉም ስለሚያደርገው መቁረጫዬን አንሥቼ ነበር። ደግነቱ መጀመሪያ ለካሁ። አክስሉ ከጎማ ማሰሪያ እስከ ጎማ ማሰሪያ 59 ኢንች ተኩል ገደማ ነው፤ እንዲሁ ሳይቆረጥ ኤፍ-100 ሥር ይገባል። ሳያስፈልገኝ ልቆርጠው ነበር።

አሁን ታዘቡኝ። «አንድ መኪና ግዙ» ብዬ የፊቷን እግር ያመጣሁት ግን ከሌላ ነው። ኤፍ-100 ከፊት ደረቅ አክስልና ባሌስትራ ነው ያላት፤ ጉድጓድ ስትገባ ጥርስ ታንቀጫቅጫለች። ከ2003 እስከ 2011 የተሠራው ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ፣ ፖሊስ ይነዳው የነበረው ማለት ነው፣ የፊት እግሩ ከእነ መሪው በአንድ የአሉሚኒየም ድልድይ ላይ ተቀምጦ በጥቂት ብሎን ይወርዳል። የጎማው ብሎን 5 በ114.3 ነው፣ ከኤክስፕሎረሩ ጋር አንድ። ስለዚህ ደንቡን አስፋፉት፦ ሁለት ሙሉ ቁራጭ ይሁን፣ ሃያ ፍርፋሪ አይሁን። አሉሚኒየም ከብረት ሻንሲ ጋር አይበየድም፤ ሻንሲው ላይ የብረት ማቀፊያ ተበይዶ ድልድዩ በብሎን ይታሰራል። ድልድዩ ሰፊ ስለሆነ ቸርኬውንም ከዚያው መኪና ውሰዱ፤ የተለመደ ቸርኬ ከፓራፋንጎ ውጭ ይወጣል።

ማቀፊያውን ያስበየድኩት በሰው ነው። እኔ ብየዳ አላውቅም ማለት አይደለም። የመሪና የፍሬን ነገር ሲሆን ግን ከእኔ የሚሻል እጅ ነበር፤ ከፈልኩት። ቀለም ላይ ቆጥቡ። እዚህ ላይ አትቆጥቡ። የ1955ቷ ፍሬን አንድ ክፍል ያለው ማስተር፣ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ማለት ነው፣ ነው ያለው፤ አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን የለውም። የመሪው ዘንግ አንድ ወጥ ብረት ነው፤ ብትገጩ ደረታችሁ ላይ ጦር ሆኖ ይመጣል። የነዳጅ ጋኗ ደግሞ ጋቢና ውስጥ፣ ከወንበሩ ጀርባ ናት። ቤንዚን ታቅፎ መንዳት በሉት። ሦስቱንም ቀየርኩ፤ ጋኑን ከኋላ ከጭነቱ ወለል ሥር፣ በሻንሲው መሃል አሰርኩት።

ስለ ወረቀት ደግሞ። የሁለቱንም መኪና ሊብሬ፣ እዚህ ታይትል የሚሉትን፣ ሳትይዙ ብር አትክፈሉ። የሻንሲ ቁጥር ከአንዱ ነቅላችሁ ወደ ሌላው አትለጥፉ። ይህ ማጭበርበር እንጂ ብልሃት አይደለም፤ ያሳስራል።

ለዚያ ልጅ ስልኬን ሰጥቼዋለሁ። ሞተሩን እንዲመልስ ነገርኩት፤ አኮረፈ መሰለኝ። ማክሰኞ ግን ደወለ። አንዲት ኤክስፕሎረር አግኝቷል፣ ኮፈኗ የተጨማደደ፣ ቁልፏ ያለ። «ጋሼ፣ ትነሣለች» አለኝ። ቅዳሜ አብረን ሄደን እንነዳታለን። ወረቀት ፕላስተሩን እኔ ይዣለሁ።