ወይና ደጋ የት ነው? እና ሌሎች የጣና ዳር ስሞች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ቦታ ስም ናቸው። ዝናቡ ሰውን ቤት ሲያስቀምጠው የታሪክ መጽሐፍ ከመደርደሪያ ይወርዳል መሰለኝ።

ጥያቄ፦ እዚሁ ባሕር ዳር የታሪክ መምህር ነኝ። ፈተና ላይ «ኢማም አሕመድ ግራኝ የወደቁት የት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ፤ መልሱ ወይና ደጋ ነው። አንድ ተማሪ «መካከለኛ የአየር ጠባይ ባለው አገር» ብሎ ጻፈ። ነጥብ ልስጠው ወይስ ልከልክለው?

መልስ፦ መምህር፣ እኔ ብሆን እየሳቅሁ ግማሹን እሰጠው ነበር። ልጁ የሚያውቀው ወይና ደጋ የጂኦግራፊውን ነው፤ በቆላና በደጋ መካከል፣ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ገደማ ያለውን። እርስዎ የጠየቁት ግን ከጣና በስተምሥራቅ ያለ የአንድ አካባቢ ስም ነው። ኢማሙ የፖርቱጋሎቹን አዛዥ ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማን ማርከው ከገደሉ በኋላ አብዛኞቹን የቱርክ ነፍጠኞች አሰናብተው ወደ ጣና ዙሪያ ተመልሰው ነበር። አፄ ገላውዴዎስ ከተረፉት ፖርቱጋሎች ጋር ሆነው የደረሱባቸው እዚያ ነው፤ በየካቲት 1535 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ 1543።

ስሙ ሲፈታ «የወይን ደጋ» ነው፤ ወይን የሚያበቅል ደጋ እንደ ማለት። አንዱ ቃል የስፍራም የአየር ጠባይም ስም ሆኖ ስለቀረ፣ አንባቢን የሚለየው ግሱ ነው። «ጦሩ ወይና ደጋ ሰፈረ» ከተባለ ስፍራ ነው፤ «ጤፍ ወይና ደጋ ይወዳል» ከተባለ የአየር ጠባይ። ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፈው ያሳዩዋቸው፤ አይረሱትም።

ለልጁ ጥብቅና ልቁምለት ካልሁ ደግሞ፣ ጣና ራሱ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ዳርቻው ሁሉ ወይና ደጋ ነው። ስለዚህ አልዋሸም፤ ያልተጠየቀውን ነው የመለሰው።

ጥያቄ፦ ቡና ቤት ልከፍት ነው፤ ስሙን «ጻና» ልለው አስቤ ባለቤቴ «የፊደል ስሕተት ነው» አለኝ።

መልስ፦ እትዬ፣ ስሕተት አይደለም። በድሮ ጽሑፍ ጻና ነው የሚባለው፤ ፈረንጆቹም እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ «ጻና» እያሉ ይጽፉ ነበር። ጸጉር ጠጉር፣ ጸበል ጠበል፣ ጸባይ ጠባይ እንደሚባለው ሁሉ ጻናም ጣና ሆነ። ችግሩ ሌላ ነው፤ ደንበኛው ሁሉ ሰዓሊው ተሳስቶ ነው የጻፈው እያለ ይነግርዎታል። በቀን አሥር ጊዜ ማስረዳት የማይሰለችዎት ከሆነ ይለጥፉት።

ጥያቄ፦ በጀልባ ቱሪስት አመላልሳለሁ። አንዱ ፈረንጅ የድሮ ካርታ አሳየኝ፤ የጣና ውኃ ላይ «ደምብያ» ይላል። ካርታው ተሳስቶ ነው?

መልስ፦ አልተሳሳተም፣ ወንድሜ። ደምብያ ከጣና በስተሰሜን ያለው አገር ነው፤ ዛሬ ቆላ ድባን የምታውቅ ከሆነ እሱ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት ኢየሱሳውያኑ፣ የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑ፣ ጎርጎራ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ጎርጎራ ደግሞ ደምብያ ናት። የእኔ ግምት፣ ውኃውን የጠሩት በቆሙበት ዳር ስም ነው። በባሕር ዳር በኩል ክብራን ገብርኤል ገዳም ደጃፍ ቆመው ቢሆን ኖሮ ሌላ ስም ይሰጡት ነበር።

ጥያቄ፦ ከጓደኛዬ ጋር ተወራርደናል። ባሕረ ነጋሽ የሚባለው የጣና ገዥ ነበር አይደል?

መልስ፦ ቢራውን ግዛ። ባሕረ ነጋሽ የመረብ ምላሽ፣ ከመረብ ወንዝ ማዶ ያለው አገር፣ ገዥ ማዕረግ ነው፤ መቀመጫው ድባርዋ ነበር፣ ባሕሩም ቀይ ባሕር ነው።

የተሳሳትህበት ምክንያት ግን ይገባኛል። እኛ ጣናን ባሕር ነው የምንለው። ሐይቅ የትምህርት ቤት ቃል ነው። ወደብ ላይ ደንገል ታንኳውን ወደ ደረቅ የሚጎትት ሰው ነፋስ ሲነሣ «ባሕሩ ተናወጠ» ሲል እንጂ «ሐይቁ ተናወጠ» ሲል ሰምቼ አላውቅም። ከተማችንም «ባሕር ዳር ጊዮርጊስ» ስትባል በቤተ ክርስቲያኑና በዚሁ ውኃ ዳር ነው የተጠራችው።