የጉልቻ ተንኮልና የሸክላ ሠራዊት፦ ስለ ጥንታዊት ቻይና ለጠየቃችሁን

ባለፈው እትም ስለ ጥንታዊት ቻይና ጥበብና ጦርነት ጥያቄ ካላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ከሰሜን ሸዋ የመጡት ጥያቄዎች በጣም ደስ አሰኙኝ። አብዛኞቻችሁ ስለ ንጉሦቹ ሳይሆን «ነገሩ እንዴት ተሠራ?» ብላችሁ ነው የጠየቃችሁት። እኔም የምወደው ይኼንኑ ስለሆነ ዛሬ ቦታውን ለእናንተ ለቅቄያለሁ።

«እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። የቻይናን የሸክላ ወታደሮች ፎቶ ስልኬ ላይ ሳሳያት ‹ይኼማ ድንጋይ ነው፤ ይህን የሚያህል ሸክላ እሳት ውስጥ ሳይፈነዳ አይወጣም› አለችኝ። ማናችን ነን ልክ?»
*የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከአንኮበር*

እህቴ፣ ሸክላ ነው። እናትሽ የጠረጠሩት ግን ሙያቸው ነግሯቸው ነው። ወፍራም ሸክላ የሚፈነዳው ውስጡ የቀረው እርጥበት እሳት ሲነካው እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ነው፤ ይህን ደግሞ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ቻይናዎቹ መላ አበጁለት። እግሩን ድፍን አደረጉት፣ ክብደቱን እንዲሸከም። ከዚያ በላይ ያለውን አካል ባዶ ተዉት። ጭቃውን እንደ ገመድ እያንከባለሉ፣ ዙሪያውን እየደራረቡ፣ በእጅ እያለሰለሱ ወደ ላይ አሳደጉት። ጭንቅላቱ ለብቻው ተሠርቶ በኋላ ነው አንገቱ ላይ የሚሰካው። ስለዚህ ገላው እሳት ውስጥ ሲገባ አንገቱ ክፍት ነበር፤ እንፋሎቱም መውጫ አላጣም። ይኼን ንገሪያቸው፤ ወዲያው ይገባቸዋል።

ሠራዊቱን ያገኙት ገበሬዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሺያን ከምትባለው ከተማ አጠገብ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ የሸክላ ስባሪ ወጣላቸው። ከሥሩ 8,000 ገደማ ይሆናል ተብሎ የሚገመት ጦር ነበር፤ ወታደር፣ ፈረስ፣ ሠረገላ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 ቻይናን አንድ ያደረገው ንጉሠ ነገሥት ቺን ሺ ኋንግ በመቃብሩም እንዲጠብቀው ያሠራው ነው። ዛሬ መሬት የመሰለው መልካቸው የድሮው አይደለም። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ተቀብተው ነበር፤ ቀለሙ ከመሬት ወጥቶ ደረቅ አየር ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ ይኮማተርና ይላጣል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። አንዳንዶቹ ላይ የሠሪው ስም ተቀርጾ ይገኛል። ስሙ የሚጻፈው ለክብር ብቻ አልነበረም፤ ሥራው ቢበላሽ ማን እንደሠራው እንዲታወቅ ነው። ቢሆንም ከ2,200 ዓመት በኋላ የእነዚያን ሸክላ ሠሪዎች ስም እናነባለን። እኛ ግን ምጣዱንና ጀበናውን ገዝተን ገብተን፣ የሠራችውን ሴት «ቡዳ» እያልን በክፉ ስም ስንጠራ የኖርን ሰዎች ነን፤ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። ይኼ ነገር ያመኛል። እስቲ ለእናትሽ ንገሪልኝ፤ ገንቦው ከመድረቁ በፊት የራሳቸውን ምልክት ያድርጉበት።

«ተማሪዎቼ የቻይና ጦርነት ሲባል ትዝ የሚላቸው ፊልም ላይ አየር ላይ የሚበረው ነው። ክፍል ውስጥ የምነግራቸው አንድ እውነተኛ የጦር ብልሃት ቢነግሩኝ።»
*የታሪክ መምህር፣ ከመሐል ሜዳ*

መምህር፣ የሱን ቢንን ታሪክ ይንገሯቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን ቻይና በብዙ ግዛት ተከፋፍላ እርስ በርስ ትዋጋ ነበር። ሱን ቢንና ፓንግ ጁዋን አብረው የጦር ትምህርት የተማሩ ጓደኛሞች ናቸው። ፓንግ ጁዋን ዌይ በሚባለው ግዛት የጦር አዛዥ ሆነ። ጓደኛው እንደሚበልጠው ያውቅ ስለነበር ቀናበት፤ ጠርቶ አስመጣውና በሐሰት አስወንጅሎ እግሩን አሳጣው፣ ፊቱንም በንቅሳት አስነወረው። ሱን ቢን የቺ ግዛት መልእክተኛ በሠረገላ ደብቆ ነው ያወጣው። ቺ ውስጥ የጦር አማካሪ ሆነ፤ መቆም ስለማይችል ጦር የሚመራው ሽፋን ያለው ጋሪ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ከዓመታት በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ342 ገደማ፣ ሁለቱ ተገናኙ። የዌይ ሰዎች የቺ ግዛትን ወታደር በፈሪነት ይንቁት ነበር፤ ሱን ቢን ይህን ንቀት መሣሪያ አደረገው። ጦሩ ወደ ዌይ ምድር በገባበት በመጀመሪያው ምሽት 100,000 ምድጃ አስቆፈረ፣ በማግስቱ 50,000፣ በሦስተኛው ቀን 30,000። ፓንግ ጁዋን ከኋላ እየተከተለ አመዱን ይቆጥራል። መንዝ ውስጥ ከሩቅ ጭሱን አይቶ እከሌ ቤት ሰው አለ፣ የለም የሚል ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። «በሦስት ቀን ግማሹ ከድቶ ጠፍቷል!» ብሎ ደስ አለው። እግረኛውን ትቶ በቀላል ጦር ብቻ ቀንና ሌሊት ገሰገሰ። እኛ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እንላለን፤ ሱን ቢን ግን ጉልቻ ቀንሶ ጦርነት አሸነፈ።

ማሊንግ የሚባል ጠባብ መንገድ ላይ አንድ ትልቅ ዛፍ ልጦ «ፓንግ ጁዋን በዚህ ዛፍ ሥር ይሞታል» ብሎ ጻፈበት። በመንገዱ ግራና ቀኝ ባለ መስቀል ቀስት ወታደሮችን ደበቀና «እሳት ሲበራ ባያችሁ ጊዜ ልቀቁ» አላቸው። ፓንግ ጁዋን በጨለማ ደረሰ። ዛፉ ላይ ጽሑፍ አየና ሊያነብ ችቦ አስበራ። አንብቦ ሳይጨርስ ቀስት ዘነበ። መሸነፉን ሲያውቅ ራሱን ገደለ።

ይህን የጻፈው ሲማ ቺያን የተባለው ታሪክ ጸሐፊ ነው፤ የኖረው ከጦርነቱ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ ስለሆነ የዛፉ ነገር ሳይጋነን አልቀረም ብዬ አስባለሁ። የቀስቱ ነገር ግን የታመነ ነው። ተራ ቀስት ለመልመድ ዓመታት ይፈጃል። የመስቀል ቀስት ግን የተሳበውን ጅማት ይዞ የሚያቆይ የነሐስ ምላጭ አለው፤ ወታደሩ አነጣጥሮ ምላጩን መሳብ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ስለዚህ ከእርሻ የመጣ ገበሬ በአጭር ጊዜ ተኳሽ ይሆናል። ያን ምላጭ የሠራው ደግሞ ስሙን የማናውቀው አንድ ነሐስ አቅላጭ ነው።

«ለጥምቀት ጉግስ እንጫወታለን። እርካብን የፈጠሩት ቻይናዎች ናቸው የሚባለው እውነት ነው?»
*ፈረሰኛ፣ ከደብረ ብርሃን*

ወንድሜ፣ በአጭሩ ልመልስልህ። የሸክላውን ሠራዊት ፈረሶች ብታያቸው ኮርቻ አላቸው፣ እርካብ ግን የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ302 በተዘጋ አንድ የቻይና መቃብር ውስጥ የተገኘ የሸክላ ፈረሰኛ በግራ በኩል ብቻ አጭር እርካብ አለው፤ ለመውጫ ያህል ነው። ከ20 ዓመት በኋላ በተዘጋ ሌላ መቃብር የተገኘው ፈረስ ደግሞ በሁለቱም በኩል አለው። ጥንድ እርካብ ከዚያ ወዲህ ነው ወደ ምዕራብ የተስፋፋው። የኛ የድሮ ፈረሰኞች ባዶ እግራቸውን ሆነው አውራ ጣታቸውን ብቻ እርካቡ ውስጥ ያስገቡ ነበር፤ አያትህን ጠይቃቸው።

«የቅኔ ተማሪ ነኝ። ቻይናዎች ጽሕፈትን እንደ ሥዕል ያከብራሉ ሲባል ሰማሁ። ለምንድን ነው? ቀለማቸውስ ከምን ይሠራል?»
*ከመርሐቤቴ*

ቀለማቸው ላንተ እንግዳ አይሆንም። የጥድ ጥላሸት ከእንስሳ ቆዳ በሚወጣ ሙጫ ይለወስና እንደ ሳሙና ተቀርጾ ይደርቃል። ጸሐፊው ሲፈልግ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጠብ ጠብ ውሃ እያደረገ ይፈጨዋል። እኛም ጋ ጥላሸት፣ የተቃጠለ እህልና ሙጫ ነው። አንድ አባት ወራት የቆየ የቀለም ማሰሮ ሲከፍቱ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነበር፤ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ልዩነቱ በሚጻፍበት ነገር ላይ ነው። ብራና ላይ ስትሳሳት በካራ ትፍቀዋለህ። ወረቀት ግን ቀለሙን ወዲያው ይጠጣል፤ መፋቅ የለም። በዚያ ላይ የሚጽፉት እንደ መቃ ጠንካራ በሆነ ነገር ሳይሆን በለስላሳ የፀጉር ብሩሽ ነው፤ ጫን ስትል ይወፍራል፣ ቀለል ስትል ይቀጥናል፣ እጅህ ከተንቀጠቀጠም ይታያል። ለዚህ ነው አንዱን ፊደል አይተው የሰውዬውን ጠባይ እናውቃለን የሚሉት። ቀድሞ የሚጽፉት በቀርከሃ ስንጥርና በሐር ላይ ነበር፤ ቀርከሃው ይከብዳል፣ ሐሩ ውድ ነው። እ.ኤ.አ. በ105 ገደማ ጻይ ሉን የተባለ የቤተ መንግሥት ሹም ከዛፍ ልጥ፣ ከቃጫ፣ ከአሮጌ ጨርቅና ከዓሣ መረብ የሚሠራ ጥሩ ወረቀት ለንጉሡ አቀረበ።

«እኔ ሱፍ ፈትዬ ነው ባና የማሠራው። የሐር ክርም እንደ ሱፍ ይፈተላል? ድሮስ እኛ አገር ይመጣ ነበር?»
*የቤት እመቤት፣ ከሞላሌ*

እናቴ፣ ጥሩው ሐር አይፈተልም፤ ይጠቀለላል። ትሉ ራሱን የሚሸፍንበትን ቤት ከአንድ ያልተቆረጠ ክር ነው የሚሠራው፤ ክሩ ሲዘረጋ ብዙ መቶ ሜትር ይሆናል። ቤቱን ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲከቱት ማጣበቂያው ይለቃል፣ ጫፉን ፈልገው ከሌሎች ጋር አጣምረው ይስባሉ።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ግን ልቤን ነው የነካው። እ.ኤ.አ. በ531 ገደማ የሮሙ ንጉሥ ዮስጢንያኖስ ወደ አፄ ካሌብ መልእክተኛ ላከ። «ሐሩን ከሕንዶች ገዝታችሁ ለእኛ ሽጡልን፤ እናንተ ገንዘብ ታገኛላችሁ፣ እኛም ለጠላቶቻችን ለፋርሶች መክፈል እንተዋለን» አላቸው። አክሱም እሺ አለች። ነገር ግን የሕንድ መርከቦች መጀመሪያ የሚያርፉባቸው ወደቦች ለፋርሶች ቅርብ ነበሩ፤ የፋርስ ነጋዴዎች ጭነቱን በሙሉ ቀድመው ይገዙት ነበር። ስለዚህ ነገሩ ሳይሳካ ቀረ። ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ መነኮሳት የትሉን እንቁላል ይዘው የዮስጢንያኖስ መናገሻ ቁስጥንጥንያ ገቡ፤ እንቁላሉን በፍግ ሸፍነው፣ በፍጉ ሙቀት አስፈለፈሉት።