ለኮምቦልቻው ወንድሜ፦ ከማውዙ በፊት ጠረጴዛውን እይ

«ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ዳታ አስገቢ ነኝ። ቀኝ እጄ ሌሊት እየደነዘዘ ይቀሰቅሰኛል። ከአዲስ አበባ ኤርጎኖሚክ (ለእጅ እንዲመች ተብሎ የተሠራ) ኪቦርድና ማውዝ ላስመጣ ወይ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ ነው የምጽፈው። አብሽር፣ መላ አለው። ብሩን ግን ለጊዜው ኪስህ ውስጥ አቆየው።

እኔ ደሴ ፒያሳ ታይፕ ቤት አለኝ። ከዚያ በፊት የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ተሸክመው በሚጎርፉበት ሰሞን ከእኔ ቀድሞ የሚጨርስ ካለ ይምጣ። እንዲህ የምሠራው ደግሞ የበር ቁልፍ ማዞር አቅቶኝ ከነበረ በኋላ ነው።

1. የደነዘዘው የትኛው ጣትህ ነው? አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የመሀል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሹ ከሆነ፣ ትንሿ ጣት ደግሞ ደህና ከሆነች፣ ነገሩ የእጅ አንጓህ ላይ ሳይሆን አይቀርም። አንጓ ውስጥ ጠባብ መተላለፊያ አለ። 9 ጅማቶችና ሚዲያን የሚባለው ነርቭ ተጠጋግተው ያልፉበታል። ቦታው ሲጣበብ የሚጨነቀው ነርቩ ነው። ትንሿ ጣትህ ከሆነች የደነዘዘችው ግን ክርንህን ጠርጥር። ክርኑን ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ተክሎ የሚውል ሰው እሷን ነው የሚያመው። ለዚህኛው ውድ ማውዝ ምንም አያደርግልህም።

ሰዎች ወጌሻ ጋ ሂድ ይሉሃል። እኔንም ብለውኛል። ወጌሻ ለወለምታ ነው፤ የተጨነቀ ነርቭ ታሽቶ አይፈታም።

2. ጠረጴዛህን ለካ። ክንድህን ወደ ጎንህ አስጠግተህ ክርንህን 90 ዲግሪ አካባቢ እጠፍ። እጅህ ያረፈበት ከፍታ ላይ ነው ኪቦርዱም ማውዙም መሆን ያለባቸው። የእኛ አገር የቢሮ ጠረጴዛ 75 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ በእስክሪብቶ ለሚጽፍ ይሆናል። እኔ ደግሞ አጭር ነኝ። ትከሻዬ ተሰቅሎ፣ አንጓዬ ወደ ላይ ተቀልብሶ ነበር ቀኑን ሙሉ የምጽፈው።

ይህን ለንብረት ክፍል ባስረዳ ሰውየው ከመነጽሩ በላይ አየኝና «ስንቱ በዚህ ጠረጴዛ ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል፣ የአንቺ እጅ ምን የተለየ ነው?» አለኝ። ከዚያ የዕቃ መጠየቂያውን ቅጽ፣ «ሞዴል 20 ሙዪ» አለኝ። ሞላሁ። የኃላፊ ፊርማ ይጎድለዋል ተባለ። አስፈረምኩ። በጀት ተዘግቷል ተባለ። በመጨረሻ ዕቃው መጣ፣ በሞዴል 19 ገቢ ሆነ፣ በሞዴል 22 ወጪ ሆነ። ለማን? ለኃላፊው ቢሮ! ከፍና ዝቅ የሚል፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ምርጥ ወንበር። ኃላፊው ደግሞ ስብሰባ እንጂ ቢሮ አይውሉም። ከመሥሪያ ቤቱ ስወጣ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ገና አልተላጠም ነበር።

ለእኔ የሰጡኝ ጉብታ ያለው የማውዝ ምንጣፍ ነበር። ያቺ ለስላሳ ጉብታ «ለእጅ የሚመች» ተብላ ነው የምትሸጠው። አንጓህን ከጫንክባት ግን የምትገፋው በትክክል ነርቩ ያለበትን ቦታ ነው። የባሰብኝ ያኔ ነው። እጅህን ልታሳርፍባት ከፈለግክ በመዳፍህ ሥር ይሁን፣ እሱም መጻፍ ስታቆም ብቻ።

የራሴን ቤት ስከፍት መጀመሪያ የጠራሁት አናጢ ነው። ከጠረጴዛው በታች ተስቦ የሚወጣ ሰፊ ጣውላ ገጠመልኝ፤ ኪቦርዱና ማውዙ ጎን ለጎን ይቀመጡበታል። አናጢው ከመለካቱ በፊት አንተ ወንበሩ ላይ ተቀመጥ፣ አለዚያ ጉልበትህን ይመታሃል። ፋብሪካው ጠረጴዛ አትንካ ካለህ ወንበርህን ከፍ አድርግ። እግርህ ከተንጠለጠለ የወረቀት ካርቶን ከሥሩ አስገባ።

3. ከኪቦርዱ ሥር ያሉትን ሁለት ትንንሽ እግሮች እጠፋቸው። ሁሉም ሰው ይዘረጋቸዋል፤ አንጓን ወደ ኋላ ከመቀልበስ በቀር ጥቅም የላቸውም።

አሁን ወደ ማውዙ። በጎን የሚያዘው ማውዝ ጥሩ ነው፣ አልዋሽህም። ሰው ልትጨብጥ እጅህን እንደዘረጋህ ነው የምትይዘው፤ ክንድህ አይጠማዘዝም። ግን መዳፍህን ሳትለካ አታዝዝ፣ ትልቁን በትንሽ እጅ መያዝ ሌላ ሕመም ነው። ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጥከው ደግሞ ገንዘብህን በላህ። ስታንቀሳቅሰው በአንጓህ ሳይሆን ከክርንህ ጀምሮ ይሁን። በነፃ የሚገኘው መላ ማውዙን ወደ ግራ እጅ ማዞር ነው። መጀመሪያ ያናድዳል፣ ከዚያ ትለምደዋለህ።

ለሁለት የተከፈለውን ኪቦርድ ለአንተ አልመክርም። አብዛኛው የቁጥር ሰሌዳ የለውም፣ አንተ ደግሞ ቁጥር ነው የምታስገባው። ይልቅ የቁጥር ሰሌዳ የሌለው አጭር ኪቦርድና ለብቻው የሚሰካ የቁጥር ሰሌዳ ያዝ። ማውዙ ወደ ሰውነትህ ይጠጋል፣ የቁጥር ሰሌዳውን በግራ ታደርገዋለህ።

የሌሊቱን ነገር ረስቼው። ስንተኛ አንጓችንን አጥፈን ነው የምንተኛው፣ የሚቀሰቅስህም እሱ ነው። ፋርማሲ አንጓ መደገፊያ አለ፤ መሀሉ ላይ ብረት ያለውን ግዛ። ብዙ ጊዜ ብረቱ ወደ ላይ ጎብጦ ነው የሚመጣው። አውጥተህ ቀጥ አድርገህ መልሰው። ሳታጠብቅ፣ ማታ ማታ አድርገው። ለእኔ ከማንኛውም ዕቃ በላይ የሠራው ይሄ ነው።

አማርኛም የምትጽፍ ከሆነ ሺፍትን ልብ በል። ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ኘ ሁሉ በሺፍት ነው፣ ትንሿ ጣት ተዘርግታ ትውላለች። ሺፍትን አምስት ጊዜ ስትመታ ዊንዶውስ የሚያወጣትን ሳጥን ሁላችንም እየተራገምን እንዘጋታለን አይደል? እሺ በላት። ከዚያ ሺፍትን ተጭነህ መያዝ የለብህም፣ ነካ አድርገህ ትለቅቃለህ። ረጅም ጽሑፍ ሲሆን ደግሞ ስልክ ላይ ተናገረው፤ የጉግል የድምፅ መጻፊያ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ አማርኛ ይሰማል። የወሎ አነጋገሬን አንዳንዴ ያበላሽብኛል፣ ማረም ግን ከመጻፍ ይቀላል።

ዕቃ ከእጅህ መውደቅ ከጀመረ፣ ወይም የአውራ ጣትህ ሥር ያለው ሥጋ ከሌላኛው እጅህ ጋር ሲተያይ ከሳሳ፣ ይህን ሁሉ ተወውና ሐኪም ጋ ሂድ። ስኳር ወይም የታይሮይድ ችግር ካለብህም ንገራቸው፣ ይህንኑ ሕመም ያመጣሉ። የጠረጴዛህን ከፍታና ጣትህን ጻፍልኝ፤ አናጢው ኮምቦልቻም ይወርዳል።