የተቀራረቡ መስቀለኛ መንገዶች፦ ጥያቄና መልስ ከአንድ የትራፊክ መሐንዲስ ጋር

ጥያቄ፦ በስታዲየምና በለገሃር አካባቢ አንዱን መብራት እንዳለፍን ቀጣዩ በቀይ ይይዘናል። አረንጓዴው ቢረዝም አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። ስሌቱን አብረን እንሥራው። በሁለት መብራቶች መካከል 140 ሜትር አለ እንበል። አንድ የቆመ መኪና ከፊቱ ካለው ክፍተት ጋር 7 ሜትር ያህል ስለሚይዝ፣ በአንድ ረድፍ የሚሰለፉት 20 መኪኖች ብቻ ናቸው። ሰልፍ ሲነሣ በግምት በየ2 ሰከንዱ አንድ መኪና ስለሚያልፍ፣ የ60 ሰከንድ አረንጓዴ 30 መኪና ይለቃል። ቀጣዩ መብራት ቀይ ከሆነ ሃያዎቹ ይሰለፋሉ፤ የተረፉት አሥሩ የመስቀለኛውን መሀል ይዘጉታል፣ የጎኑ መንገድም አረንጓዴ በርቶለት ይቆማል። ስለዚህ ዙሩ፣ ማለትም ከአንድ አረንጓዴ መጀመሪያ እስከ ቀጣዩ አረንጓዴ መጀመሪያ ያለው ጊዜ፣ ይጠር፤ ለሁለቱም መብራቶች እኩል ይሁን። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 140 ሜትሩን በ17 ሰከንድ ገደማ ስለሚጨርስ፣ ሁለተኛው አረንጓዴ በዚያው ያህል ዘግይቶ ይበራል። ይህ ግን መንገዱ ባዶ ሲሆን ነው፤ ሰልፍ ካለ ከፊት ያሉት እንዲለቁ ቀደም ብሎ መብራት አለበት።

ጥያቄ፦ አደባባይ ይሻላል ወይስ መብራት?

መልስ፦ የት? ስንት መንገድ የሚገናኝበት? ይህ ሳይገለጽ መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ ቀይ እየበራ ሰተት ብለው የሚገቡት ሁሉ ሆን ብለው ነው?

መልስ፦ ሁሉም አይደሉም። መብራቶች ሲቀራረቡ ዓይን የቅርቡን ቀይ ዘሎ የሩቁን አረንጓዴ ያያል፤ በተለይም የቅርቡ በአውቶቡስ ወይም በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቀላል ባቡር ድልድይ ምሰሶ ከተጋረደ። የሩቁ መብራት ከቅርብ ብቻ እንዲታይ መከለያ ይደረግለት።

አንድ ተሳታፊ፦ ትራፊክ ፖሊስ ሲቆም ግን መንገዱ ይፈስሳል።

ሌላ ተሳታፊ፦ ለእርስዎ ወገን ፈስሶ ይሆናል፤ እኛ በጎን ያለነው ሞተር አጥፍተን እንጠብቃለን።

የመጀመሪያው ተሳታፊ፦ ፖሊስ መሀሉ ሲዘጋ ያያል፤ መብራት ያያል?

መልስ፦ አያይም፤ በዚህ ልክ ነዎት። ሆኖም ፖሊሱ አንዱን ወገን ረጅም ጊዜ በለቀቀ ቁጥር፣ ከላይ የተናገርኩት ሰልፍ ቀጣዩ መስቀለኛ ላይ ይጠራቀማል።

ጥያቄ፦ ዙሩ ሲያጥር እግረኛው አይጎዳም?

መልስ፦ የእግረኛው ሰከንድ አይነካም። 12 ሜትር መንገድ በሰከንድ 1.2 ሜትር ለሚራመድ 10 ሰከንድ ይፈጃል፤ ለአረጋዊ ደግሞ ከዚያ በላይ። ዙሩ ሲያጥር የሚያጥርለት ጥበቃው ነው፤ በቀይ እንዲሻገር የሚገፋፋውም የጥበቃው መርዘም ነው።

ጥያቄ፦ የታክሲ ታሪፍስ?

መልስ፦ ሙያዬ አይደለም።

ጥያቄ፦ አረንጓዴውን 90 ሰከንድ ብናደርገውስ?

መልስ፦ 45 መኪና፣ 20 ቦታ። የመጀመሪያውን መልስ ያንብቡ።