«ሊያገለግል ይችላል» እና «ሳያገለግል አይቀርም»

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ስለ ወስፋትና ስለ ዘመዶቹ የአካል ክፍሎች ማስተማሪያ ስጽፍ የእያንዳንዱን አካል ተግባር «ሊያገለግል ይችላል» እያልኩ ጨረስኩት። ባልደረባዬ ግን «ሳያገለግል አይቀርም» ይሻላል አለኝ። ልዩነት አላቸው?

መልስ፦ አላቸው፤ ደግሞም ሁለቱን በየቦታቸው እንጂ አንዱን በሁሉም ቦታ መጠቀም አይገባም።

«ሊ… ይችላል» ችሎታንም ጥርጣሬንም ይናገራል። «የመንጠቆ ትል ጥርሶች የአንጀትን ግድግዳ ሊቆርጡ ይችላሉ» ብለው ቢጽፉ አንዱ ተማሪ «የመቁረጥ አቅም አላቸው» ብሎ ይረዳል፤ ሌላው «መቁረጣቸው አልተረጋገጠም» ብሎ። ከመንጠቆ ትል ዝርያዎች አንኪሎስቶማ ዱዎዴናሌ በጥርሶቹ፣ ኔካቶር አሜሪካኑስ ደግሞ ስለት ባላቸው ሰሌዳዎች አንጀት ላይ ተጣብቀው ደም እንደሚመጥጡ የታወቀ ነው። እንግዲያው «ይቆርጣሉ» ብለው ይቁረጡት። በወንዱ ወስፋት ጅራት ያሉት ሁለት ዘንጎችም እንዲሁ ናቸው፤ በግንኙነት ጊዜ የሴቷን የመራቢያ ቀዳዳ ከፍተው ይይዛሉ። እዚህ «ምናልባት» ምን ይሠራል?

«ሳያገለግል አይቀርም» ሁለት አሉታ ቢደራረብበትም ወደ አዎንታ ያጋደለ፣ ማስረጃ የያዘ ግምት ነው። በብዙ ድቡልቡል ትሎች (በወስፋት ወገኖች) ጅራት አጠገብ ጥንድ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉ። በአፈር ውስጥ በሚኖረው፣ የቤተ ሙከራ ወዳጅ በሆነው ሲ. ኤሌጋንስ በተባለው ድቡልቡል ትል እነዚህ ጉድጓዶች ውስጥ ያሉ የነርቭ ሴሎች ኬሚካል እንደሚለዩ ታይቷል። ስለ ጥገኛ ዘመዶቹ ሲጽፉ «ኬሚካል ለመለየት ሳያገለግሉ አይቀሩም» ማለት በልኩ የተሰፋ ዐረፍተ ነገር ነው።

ግምቱ ከዚህም ሲሳሳ «ያገለግል ይሆናል» አለልዎት። የውሻ ወስፋት አንገቱ ግራና ቀኝ ክንፍ መሰል እጥፋት አለው፤ «ለእንቅስቃሴ ይረዱት ይሆናል» ይበሉ። ይህ አነጋገር ከ«ሊረዱት ይችላሉ» የሚበልጠው የችሎታ ትርጉም ስለማይቀላቀልበት ነው። (ሲርበን የሚጮኸው ወስፋትማ ድምፅ ማውጫ አካል የለውም፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።)

ባልደረባዎ ያልነገርዎት አንድ ችግር አለ፦ ልጆች «ሳያገለግል» የሚለውን ሲያዩ «አያገለግልም» ብለው ያልፋሉ። ለታችኛው ክፍል ከሆነ «ያገለግላል ተብሎ ይታሰባል» ይሻላል፤ ታዲያ ግምቱ ከምን እንደተነሳ በዚያው ዐረፍተ ነገር ይጨምሩ።